ጦርነቱን የወሰነው የውጭ እጅ ነው ወይ? የኡፕሳላው የግጭት ዳታ (ዩሲዲፒ) ሪቪው

የእርስ በርስ ጦርነት በተነሳበት ክርክር ሁሉ የማትቀር አንድ ነገር አለች፣ "እነሱ እኮ በራሳቸው አላሸነፉም፣ እነ እንትና ከጀርባ ሆነው ባይረዷቸው አንድ ወር አይቆዩም ነበር" የምትል። የተሸነፈው ወገን ይላታል፣ ያሸነፈው ደግሞ ደሙን ያፈሰሰው የኛ ልጅ ነው ብሎ ይቆጣል፣ ሁለቱም ከምር ተሰምቷቸው ነው የሚናገሩት፣ ግን ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን ሰጠ የሚለውን ዘርዝሮ የሚያመጣ ሰው ብዙ አይገኝም። ይሄን ጥያቄ በስሜት ብቻ ማለፍ ትክክል አይመስለኝም፣ ምክንያቱም መልሱን ተመርኩዞ ነው መሪዎች ጦርነት የሚገቡት፣ "እገሌ ይረዳናል" ብለው ስንት ሺህ ወጣት ወደ ግንባር የሚልኩት። ስለዚ ዛሬ ሪቪው የማደርገው ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ካገኘኋቸው ሁሉ የሚሻለውን የነፃ አገልግሎት ነው፣ በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ግጭት ጥናት ክፍል የሚያዘጋጀውን የኡፕሳላ የግጭት መረጃ ፕሮግራም፣ በአጭሩ ዩሲዲፒ። በዚህ ፅሁፍ ያሉት አመተ ምህረቶች በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው።

መጀመሪያ ነገርዬው ምን እንደሆነ። ዌብሳይቱ ሲከፈት የአለም ካርታ ነው የሚመጣው፣ አንድ አገር ስትነኩ እዛ አገር ውስጥ በግጭት የሞተው ሰው ቁጥር በየአመቱ በግራፍ ይወጣል፣ በሶስት ተከፍሎ፦ አንዱ ወገን መንግስት የሆነበት ግጭት፣ መንግስት የሌለበት የታጣቂዎች የእርስ በርስ ግጭት፣ እና በሲቪል ላይ የተፈፀመ የአንድ ወገን ግድያ። ከዛ እያንዳንዱን ግጭት ስትከፍቱ ተፋላሚዎቹ እነማን እንደሆኑ እና የተጣሉት በመንግስት ስልጣን ነው ወይስ በግዛት የሚለው አለ። ዳታውን ሙሉ በሙሉ ለማውረድ ክፍያ የለም፣ በኤክሴልም በሲኤስቪም ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ፋይል ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ኮድቡክ አብሮት አለ፣ እባካችሁ ኮድቡኩን ሳታነቡ ቁጥር ይዛችሁ አትውጡ፣ በኋላ የምለው ስህተት ሁሉ ከዛ ነው የሚመጣው።

አንድ ግጭት እዚህ መዝገብ ውስጥ የሚገባው በአንድ አመት ውስጥ ቢያንስ 25 ሰው በውጊያ ሲሞት ነው፣ 1,000 ሲደርስ ደግሞ ጦርነት ይባላል። 25 የምትለው ትንሽ ልትመስል ትችላለች ግን ጥቅሟ ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም ጦርነቶች ገና ትንንሽ እያሉ፣ የውጭ ድጋፍ ገና በድብቅ እየገባ እያለ ነው መከታተል የሚያስፈልገው። 1,000 ላይ የሚጀምር መዝገብ ቢሆን ኖሮ ይሄን የመጀመሪያውን ጊዜ አናየውም ነበር፣ እና የመጀመሪያው ጊዜ ብዙ ነገር ይወስናል፣ ስፔን ላይ ስደርስ አሳያችኋለሁ።

እሺ አሁን ወደ ዋናው ፋይል። ለኛ ጥያቄ የተሰራው የውጭ ድጋፍ ዳታሴት የሚባለው ነው፣ እኔ የተጠቀምኩበት እትም ከ1975 እስከ 2017 ያለውን ይሸፍናል። ደጋፊው ማን ነው፣ ተቀባዩ ማን ነው፣ አመቱ ስንት ነው፣ የድጋፉ አይነት ምንድነው የሚለውን በየመስመሩ ያስቀምጣል። እና የወደድኩት አይነቶቹን መለያየቱን ነው፦ ወታደር ልኮ አብሮ መዋጋት ለብቻ፣ ጦር መሳሪያ ለብቻ፣ ገንዘብ ለብቻ፣ ስልጠናና አማካሪ ለብቻ፣ ሎጂስቲክስና ቁሳቁስ ለብቻ፣ የስለላ መረጃ ለብቻ፣ ድንበር ከፍቶ በግዛቱ ማስፈር ለብቻ። በክርክር ላይ እኮ እነዚህ ሁሉ "ረድተዋቸዋል" በምትል አንዲት ቃል ይጠቀለላሉ፣ አንድ ሬዲዮ የሰጠም 30 ሺህ ወታደር የላከም እኩል ይሆናል። እዚህ ግን መለየት ግዴታ ነው፣ ስትለዩ ደግሞ ክርክሩ ራሱ ይቀየራል።

ለምሳሌ ሰው ብዙም የማያነሳው ያ የግዛት ነገር። ሁሉም የሚያወራው ስለ መሳሪያ እና ስለ ብር ነው፣ አማፂ ግን ከመሳሪያ በላይ የሚያስፈልገው ቁስለኛውን የሚያሳርፍበት፣ ምልምሉን የሚያሰለጥንበት፣ ሲመታ የሚያፈገፍግበት መሬት ነው። የግሪክን የእርስ በርስ ጦርነት ተመልከቱ፣ ከ1946 እስከ 1949 የነበረውን። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የአሜሪካውን ትሩማን መጋቢት 1947 ላይ ለግሪክና ለቱርክ 400 ሚሊየን ዶላር የጠየቀበትን ነው፣ እውነት ነው ያ ገንዘብና ያ መሳሪያ የአቴንስን መንግስት አቁሞታል። ግን ኮሚኒስት አማፂዎቹ በሰሜን በኩል ጀርባቸው ዩጎዝላቪያ፣ አልባኒያና ቡልጋሪያ ነበሩ፣ ተመትተው ድንበር ይሻገራሉ፣ አገግመው ይመለሳሉ። ሰኔ 1948 የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶ እና የሶቪየቱ ስታሊን ተጣሉ፣ የግሪክ ኮሚኒስቶች ከስታሊን ጋር ወገኑ፣ ሀምሌ 1949 ቲቶ ድንበሩን ዘጋ። ነሀሴ ላይ የመንግስት ጦር ግራሞስና ቪትሲ ተራሮችን ያዘ፣ ጥቅምት ላይ አማፂዎቹ ተኩስ ማቆማቸውን አወጁ። የአሜሪካ ብር የራሱን ስራ ሰርቷል፣ ግን የመጨረሻውን በር የዘጋው ቲቶ ነው፣ እሱ ደግሞ የዘጋው ለግሪክ ብሎ አይደለም፣ ከሞስኮ ጋር በነበረው የራሱ ጠብ ነው። እነዛ ተራራ ላይ የነበሩ ልጆች ስለዚህ ጠብ ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር።

ይሄ ጦርነት ከ1975 በፊት ስለሆነ የድጋፍ ፋይሉ ውስጥ የለም፣ የመጀመሪያው ትልቅ ጉድለትም እሱ ነው። ዩሲዲፒ የግጭቶችን ዝርዝር ከኦስሎው የሰላም ጥናት ተቋም ጋር ሆኖ ከ1946 ጀምሮ ይዟል፣ የድጋፍ ዝርዝሩ ግን 29 አመት ዘግይቶ ነው የሚጀምረው። ስፔን ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ናት። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ ከስፔን የበለጠ አስተማሪ ጉዳይ አላውቅም፣ ስለዚ ትንሽ ልቆይበት።

ሀምሌ 1936 ላይ የስፔን የጦር መኮንኖች በሪፐብሊኩ መንግስት ላይ ያደረጉት መፈንቅለ መንግስት ግማሽ ከሸፈ። ማድሪድ፣ ባርሴሎና፣ አብዛኛው ኢንዱስትሪ በሪፐብሊኩ እጅ ቀረ፣ የአማፂዎቹ ምርጥ ጦር ፍራንኮ የሚመራው የአፍሪካ ጦር ነበር፣ እሱ ደግሞ ሞሮኮ ውስጥ ነው ያለው፣ መሀል ላይ ባህር አለ፣ የባህር ሀይሉ መርከበኞች አብዛኞቹ ለሪፐብሊኩ ታማኝ ሆነው ባህሩን ዘግተዋል። በዛን ሰአት ሂትለር 20 የዩንከርስ 52 ማመላለሻ አውሮፕላን ላከ፣ ሙሶሊኒም አውሮፕላን ላከ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ10,000 በላይ ወታደር በአየር ተሻግሮ ወደ ሴቪያ ገባ። አስቡት፣ 20 አውሮፕላን። በኋላ ከመጣው የጀርመን የአየር ጓድ ኮንዶር ሌጅዮን፣ በአስር ሺዎች ከሚቆጠረው የጣሊያን ጦር ጋር ሲወዳደር ምንም ማለት አይደለም፣ ግን ያቺ ትንሽ ድጋፍ በዛች ሳምንት ባትመጣ አመፁ እዛው ሊሞት ይችል ነበር። በሌላ በኩል ሪፐብሊኩ ከ500 ቶን በላይ ወርቅ ወደ ሶቪየት ልኮ መሳሪያ ገዛ፣ ቲ-26 ታንኮቹ ጥሩ ነበሩ፣ ጥቅምት 1936 ላይ ደርሰው ማድሪድን ለማዳን ረድተዋል፣ ግን አቅርቦቱ ይቆራረጣል፣ ፈረንሳይ ድንበሩን ትከፍታለች ትዘጋለች፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ የመሩት ጣልቃ ያለመግባት ኮሚቴ ደግሞ በተግባር የታሰረው አንደኛው ወገን ብቻ ሆነ። ጀርመንና ጣሊያን ፈርመው ሲያበቁ መላካቸውን ቀጠሉ። ስለዚ "ጣልቃ አንገባም" ማለትም ራሱ ድጋፍ ሊሆን ይችላል፣ ለማን እንደሆነ የሚወስነው ማን ሌላ በር አለው የሚለው ነው።

ወደ ዳታው ስመለስ ሁለተኛው ጉድለት እዚህ ጋር ነው የሚታየው፣ መጠን የለውም። መሳሪያ ሰጥቷል ወይ፣ አዎ ወይም አይደለም። ስንት ሰጠ፣ በየትኛው ወር ሰጠ፣ ሲሰጥ ተቀባዩ ምን ላይ ነበር የሚለው አይገኝም። ይሄን ስል አዘጋጆቹን ለመውቀስ አይደለም፣ የድብቅ ድጋፍን መጠን በእርግጠኝነት ማግኘት የማይቻል ነገር ነው፣ የማያውቁትን ቁጥር ፈጥረው ከሚያስገቡ ባያስገቡ እመርጣለሁ። ግን ተጠቃሚው ማወቅ አለበት፣ አንድ አማፂ ቡድን 5 ደጋፊ አገር አለው ሌላው 1 ነው ብላችሁ የመጀመሪያው በርትቷል ማለት አትችሉም፣ ያ አንዱ ሁሉንም የሚያስከነዳ ሊሆን ይችላል።

ለመሳሪያ መጠን የስቶክሆልሙን የሰላም ጥናት ተቋም የሲፕሪን የመሳሪያ ዝውውር ዳታቤዝ ጎን ለጎን መክፈት ይረዳል፣ እሱም ነፃ ነው፣ ከ1950 ጀምሮ ያለው አለ። ግን እሱ የሚይዘው ትልልቅ መሳሪያ ብቻ ነው፣ አውሮፕላን፣ ታንክ፣ ሚሳይል፣ ከባድ መድፍ። ክላሽ የለበትም። የእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ አብዛኛው በክላሽ፣ በመትረየስና በሞርታር ነው የሚካሄደው፣ ስለዚ ለመንግስት ወገን ጥሩ ምስል ይሰጣችኋል፣ ለአማፂው ወገን ግን አይበቃም።

አሁን ዳታው በጣም ጎበዝ የሆነበትን ልንገራችሁ፣ አመት በአመት መሆኑ። የውጭ ድጋፍ የጦርነትን ውጤት ይወስናል ወይ ሲባል ብዙ ሰው የሚያየው መግባቱን ነው፣ እኔ ግን በዚህ ፋይል ላይ ብዙ በቆየሁ ቁጥር እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር፣ ከመግባቱ ይልቅ መውጣቱ ነው የሚወስነው። ድጋፍ ሲገባ ሌላው ወገንም ደጋፊ ይፈልጋል፣ ይመጣጠናል፣ ጦርነቱ ይረዝማል፣ ሁለቱም ወገን ድጋፍ ሲያገኝ ጦርነት እንደሚረዝም በብዙ ጥናት የታየ ነገር ነው። ከአንዱ ወገን ድጋፉ ድንገት ሲቆረጥ ግን ሚዛኑን የሚመልሰው የለም።

አፍጋኒስታንን ውሰዱ። የሶቪየት ጦር የካቲት 15 1989 ላይ ጠቅልሎ ወጣ፣ ሞስኮ የምትደግፈው የናጂቡላህ መንግስት በወራት ውስጥ ይወድቃል ተብሎ ተጠበቀ፣ መጋቢት ላይ አማፂዎቹ ሙጃሂዲን በፓኪስታን ድጋፍ ጃላላባድን ሊይዙ ገቡ፣ አልቻሉም፣ መንግስቱ መልሶ መታቸው። ለምን ቢባል ወታደሩ ወጣ እንጂ ነዳጁ፣ ስንዴው፣ ገንዘቡ፣ አውሮፕላኑ፣ ስከድ ሚሳይሉ ከሞስኮ መምጣቱን አላቆመም። ሶስት አመት ቆየ! ከዛ መስከረም 1991 ላይ አሜሪካና ሶቪየት ከጥር 1 1992 ጀምሮ ለሁለቱም ወገን መሳሪያ ላለመስጠት ተስማሙ፣ ታህሳስ ላይ ሶቪየት ራሷ ፈረሰች፣ ሰሜኑን ይጠብቁ የነበሩ ሚሊሻዎች የሚከፈላቸው ሲጠፋ ከሚሊሻ አዛዡ ዶስተም ጋር ከዱ፣ ሚያዝያ 1992 መንግስቱ ወደቀ። ማንም አዲስ ጦር አልገባም፣ ማንም አዲስ መሳሪያ አላመጣም፣ የተቋረጠው ነገር ነው የጣለው። "ወታደር ላከ" የሚለውን ብቻ የሚመዘግብ መዝገብ ይሄን ታሪክ በ1989 ይጨርሰዋል፣ ወታደርን፣ መሳሪያንና ገንዘብን ለያይቶ አመት በአመት የሚያስቀምጥ ግን እስከመጨረሻው ይዞት ይሄዳል፣ ለዛ ነው ይሄን አሰራር የምወደው።

ከ30 አመት በኋላ እዛው አገር ተመሳሳይ ነገር ሆነ። አሜሪካ ስትወጣ የአፍጋን አየር ሀይል አውሮፕላኖችን የሚጠግኑት የውጭ ኮንትራክተሮችም አብረው ወጡ፣ ነሀሴ 15 2021 ካቡል ወደቀች። መሳሪያው እዛው ነው ያለው፣ የሚጠግነው ሰው ነው የሄደው። አባቶች "የሰው ወርቅ አያደምቅ" ያሉት ይሄን ይመስለኛል፣ ያልተማራችሁት እና ራሳችሁ መጠገን የማትችሉት ሀይል ባለቤቱ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ሶሪያም ያው ነው፣ ግን ፋይሉ 2017 ላይ ስለሚቆም ግማሹን ብቻ ነው የምታገኙት። ኢራንና ሂዝቦላህ ቀድመው ገብተዋል፣ መስከረም 30 2015 ሩሲያ በአየር ገባች፣ ታህሳስ 2016 ምስራቅ አሌፖ በመንግስት እጅ ገባ። 2017 ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው መደምደሚያው ግልፅ ነው፣ የውጭ ድጋፍ አሳድን አሸናፊ አደረገው። ህዳር 27 2024 ከአማፂዎቹ ይዞታ ከኢድሊብ ጥቃት ሲነሳ ግን ሩሲያ ዩክሬን ላይ ተጠምዳለች፣ ሂዝቦላህ ከእስራኤል ጋር ባደረገው ጦርነት ተዳክሟል፣ ኢራንም በድሮው አቅሟ አልነበረችም፣ በሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታህሳስ 8 ደማስቆ ወደቀች። ዘጠኝ አመት የተለፋበት "ድል" ማለት ነው። ስለዚ እነዚህን ፋይሎች ስትጠቀሙ ውጤት የሚለውን ነገር ከየትኛው አመት ላይ ቆማችሁ እንደምታዩት በደንብ አስቡበት።

ለዚህ ደግሞ ዩሲዲፒ ሌላ ጥሩ ፋይል አለው፣ ግጭቶች እንዴት እንዳበቁ የሚመዘግብ። በሰላም ስምምነት፣ በተኩስ አቁም፣ በመንግስት ድል፣ በአማፂ ድል፣ ወይ ደግሞ ውጊያው ከ25 ሰው በታች ወርዶ ዝም ብሎ በመክሰም። ይሄን ከድጋፉ ፋይል ጋር በግጭቱ መለያ ቁጥር ማያያዝ ትችላላችሁ፣ ኤክሴል የሚችል ሰው ያደርገዋል፣ የግድ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ይሄኔ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው፣ ምክንያቱም ብዙ ጦርነት በድል እንደማያልቅ ታያላችሁ፣ ሰው ግን "ማን አሸነፈ" ብሎ ነው የሚከራከረው። ሊቢያ ላይ ለምሳሌ የምስራቁ ጦር አዛዥ ሀፍታር ሚያዝያ 2019 ትሪፖሊን ሊይዝ ተነሳ፣ ከጀርባው ኤሚሬትስ፣ ግብፅ፣ የሩሲያው ቅጥረኛ ቡድን ዋግነር ነበሩ፣ ሊይዛት ተቃርቦም ነበር። በ2020 መጀመሪያ ቱርክ በግልፅ ገባች፣ ድሮን፣ የአየር መከላከያ፣ አማካሪዎች፣ የሶሪያ ተዋጊዎች፣ ሰኔ 2020 ላይ የሀፍታር ጦር ከትሪፖሊ ዙሪያ ጠቅልሎ ወጣ። ከዛ የትሪፖሊው ጦር ወደ ሲርት ሲገሰግስ የግብፁ አልሲሲ ሲርትና ጁፍራ ቀይ መስመር ናቸው አለ፣ መስመሩም እዛው ቆመ፣ ጥቅምት ላይ የተኩስ አቁም ተፈረመ። እዚህ የውጭ ድጋፍ ማንንም አሸናፊ አላደረገም፣ ሁለቱም እንዳይሸነፉ ነው ያደረገው፣ አገሪቱም በሁለት አስተዳደር ተከፍላ ቀረች።

አንጎላ የዚህ ትልቁ ምሳሌ ናት። 1975 ላይ ነፃነት ሊታወጅ ሲል ሶስት ቡድን፣ ኤምፒኤልኤ ከኩባና ከሶቪየት ጋር፣ ኤፍኤንኤልኤ ከዛየርና ከአሜሪካ ጋር፣ ዩኒታ ከደቡብ አፍሪካ ጋር። የደቡብ አፍሪካ ጦር ከደቡብ እየገሰገሰ መጣ፣ ኩባ በሺዎች የሚቆጠር ወታደር አስገባች፣ ህዳር 1975 ሉዋንዳን የያዘው ኤምፒኤልኤ ነፃነት አወጀ፣ መጋቢት 1976 ደቡብ አፍሪካ ወጣች። እዚህ ጋር ብታቆሙት የውጭ ድጋፍ ወሰነ ማለት ይቻላል፣ ዋና ከተማዋን ማን እንደያዘ በእርግጥ ወስኗል። ጦርነቱ ግን 26 አመት ቀጠለ! ኩባዎቹ በ1991 ወጡ፣ ደቡብ አፍሪካ ወጣች፣ ቀዝቃዛው ጦርነት አለቀ፣ ዩኒታ ግን 1992 ላይ ምርጫውን አልቀበልም ብሎ ወደ ጫካ ተመለሰ፣ አልማዝ እየሸጠ ተዋጋ። ያለቀው የዩኒታው መሪ ሳቪምቢ የካቲት 2002 ከተገደለ በኋላ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። የውጭ መንግስት ድጋፍ ሲቀር የራሱ ማእድን ያለው ቡድን ብቻውን መቀጠል እንደሚችል የድጋፉ ፋይል ብቻውን አያሳያችሁም፣ አልማዝ የውጭ ድጋፍ አይደለምና።

ድጋፍ ተትረፍርፎ ያልጠቀመበትም አለ፣ ቻይና። ከጃፓን መሸነፍ በኋላ አሜሪካ ኮሚኒስቶቹን ይዋጋ ለነበረው ለቺያንግ ካይሼክ መንግስት ወደ 2 ቢሊየን ዶላር የሚጠጋ እርዳታ ሰጥታለች፣ ወታደሩን በአውሮፕላንና በመርከብ ወደ ሰሜን አጓጉዛለታለች፣ 1949 ላይ ግን ሸሽቶ ታይዋን ገባ። ኮሚኒስቶቹም ማንቹሪያ ላይ ሶቪየት ከጃፓን የማረከችውን መሳሪያ አግኝተዋል፣ ያ ቀላል አይደለም፣ ግን ከተሰጠው መጠን አንፃር ካያችሁት ማሸነፍ የነበረበት ሌላው ነበር። የዋጋ ንረቱ ህዝቡን ጨርሶታል፣ ሙስናው ጦሩን በልቶታል፣ ክፍለ ጦሮች ከነመሳሪያቸው እጅ ይሰጡ ነበር፣ የአሜሪካ መሳሪያ በዛ በኩል ዞሮ ለኮሚኒስቱ መሪ ለማኦ ጦር ደረሰ። ይሄን የትኛውም ዳታ በአንድ ኮለም አይነግራችሁም።

ሌላ ሰው እንዲጠነቀቅበት የምፈልገው ነገር፣ ዩሲዲፒ አለም አቀፍ ገፅታ ያለው የውስጥ ግጭት የሚለው ምድብ አለ። ስሙን አይታችሁ የውጭ እጅ ያለበት ጦርነት ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው እንዳትሉ፣ እዚህ የሚገባው የውጭ መንግስት ወታደር ልኮ የተዋጋበት ብቻ ነው። መሳሪያና ብር ብቻ የገባበት እንደ ተራ የውስጥ ግጭት ነው የሚመዘገበው። እዚህ ምድብ ላይ ብቻ ተመስርቶ "ይሄ ጦርነት የውጭ ድጋፍ የለበትም" ብሎ የሚፅፍ ሰው አጋጥሞኛል፣ ያሳዝናል ምክንያቱም ትክክለኛው መልስ ከዛው ዌብሳይት ሌላ ፋይል ውስጥ ነው ያለው።

ታማኝነቱስ? የሞት ቁጥሩን በሶስት ግምት ነው የሚያስቀምጠው፣ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ እና የተሻለ የሚሉት፣ ይሄን እወደዋለሁ፣ አንድ ቁጥር ሰጥቶ እመኑኝ አይልም። የተሻለ የሚሉት ግምት ጠንቃቃ ነው፣ ምንጩ በደንብ ያልተረጋገጠ ሞት አይገባበትም፣ ስለዚ ጋዜጠኛ በማይደርስበት፣ ኔትወርክ በተዘጋበት ጦርነት ላይ ቁጥሩ ከእውነቱ በጣም ሊያንስ ይችላል። ድጋፍ ላይም ያው ነው፣ የሚመዘገበው የታወቀው ነው፣ በደንብ የተደበቀ ድጋፍ ከብዙ አመት በኋላ ሰነድ ሲወጣ ነው የሚታየው። ስለዚ "ዳታው ላይ የለም" እና "አልነበረም" አንድ አይደሉም፣ በተለይ ለቅርብ ጊዜ ጦርነት።

የቅርብ ጊዜ ካልን፣ ሚያዝያ 15 2023 የጀመረው የሱዳን ጦርነት የሞትና የክስተት ዳታው ላይ አለ፣ በየወሩ የሚወጣ ጊዜያዊ ፋይልም አለ፣ ድጋፉ ግን እኔ በተጠቀምኩበት እትም የለም። ዛሬ ሰው በጣም የሚከራከርበት ማን ነው ለፈጥኖ ደራሹ መሳሪያ የሚልከው፣ ማን ነው ለጦሩ ድሮን የሚሰጠው የሚለው ነው። ለዚህ የተባበሩት መንግስታት የባለሙያዎች ፓነል ሪፖርቶችን ማንበብ ነው ያለው አማራጭ፣ ረጃጅም ናቸው ግን የበረራ መረጃ፣ ፎቶ፣ የመሳሪያ መለያ ቁጥር ድረስ ይገቡበታል፣ የተከሰሱ መንግስታት የሚሰጡት ማስተባበያም አብሮ አለ።

ለማን ይሆናል ካላችሁ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለተማሪ፣ ለመመረቂያ ፅሁፍ ለሚሰራ ሰው ያለምንም ማመንታት። ኤክሴል ለማይወድ ሰውም ካርታውና የየግጭቱ ገፅ ብቻውን ይበቃል። ፈጣን መልስ፣ "በመቶ ስንቱ ጦርነት በውጭ እጅ ተወሰነ" የሚል አንድ ቁጥር ለሚፈልግ ግን አይሆንም፣ እንዲህ የሚል ቁጥር ከዚህ ዳታ አውጥቶ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ እንዴት እንዳወጣው ጠይቁት። አጠቃቀሙ ላይ የምመክረው አንድ ጦርነት ብቻ መርጣችሁ ጀምሩ፣ ደጋፊዎቹን አመት በአመት ደርድሩ፣ ከጎኑ የሞቱን ግራፍ አስቀምጡ፣ አንዱ ደጋፊ የጠፋበትን አመት ፈልጉ እና ከዛ በኋላ ባሉት ሁለት ሶስት አመታት ምን እንደሆነ እዩ። አንጎላ ለጀማሪ ጥሩ ናት፣ ረጅም ናት፣ ሁሉም የድጋፍ አይነት ይገኝባታል።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። የቀነስኩት አንዱ ኮከብ የድጋፍ ፋይሉ 2017 ላይ መቆሙ ነው፣ ሊቢያ፣ የሶሪያ መጨረሻ፣ ካቡል፣ ሱዳን ሁሉም ከዛ በኋላ ናቸው። ቢጨመር የምለው ደግሞ ድጋፉ የተቋረጠበት ወር እና የተቋረጠበት ምክንያት የሚል ኮለም ነው፣ ደጋፊው ተሸንፎ ነው፣ ከሌላ ጋር ተጣልቶ ነው፣ ገንዘብ አልቆበት ነው ወይስ የራሱ ፓርላማ ከልክሎት ነው የሚለው ቢታወቅ የግሪኩንና የአፍጋኒስታኑን ነገር በሌሎች ጦርነቶችም ላይ ማወዳደር ይቻል ነበር።